ሲታጠፍ ብቻ

ቀጥ ባለ ጎዳና ቃል አይወጣት፣ ጨዋ፤
ግራ ሳዞራት ነው የሚሰማው ጣጣዋ፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤
ከቀኝ ጎማው ጀርባ አንድ ሰው ተቀምጦ
ለውዝ የሚሰብር ይመስላል አድፍጦ።

«ላስቲኩ ተቀዷል» አለኝ ጌሬንት፣ ከሥሯ ተንጋሎ፤
ዋጋውንም ነገረኝ፣ እንደ ሐኪም ቀስ ብሎ፤
ለራሷ ከከፈልኩት እኩሌታው ግድም።
እኔ ነርስ ነኝ፣ ቁስል አጣቢ፣ ቤት ለቤት የምከርም፤
ያለ እሷ ሰኞን አልሻገርም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጧት፣ ከገዛ ደጄ ላይ፣
የብላይናይ ሰማይ ሲያካፋ ከላይ፣
የአያቶቻችን እጅ ከዋሻ አውጥቶ የጣለው
የጣራ ድንጋይ ስብርባሪ፣ ተራራ አክሎ፣ ከተማውን ቁልቁል ሲያየው፣
ማክሰን መጣ፣ ልጄ፤ ዐሥራ አምስት ዓመቱ፣
ባትሪ በእጁ ይዞ፣ ኮፍያው እስከ ፊቱ።
አባቱ ካርዲፍ ሄዶ ጎጆ ከቀለሰ
ከልጄ አፍ ከ«እህ» በቀር ወደ እኔ አልደረሰ።
ሲጠራ፣ ሲበላ፣ ሲወጣ፣ ሲናደድ፣
ባንዲት ድምፅ ብቻ ዓመት ሙሉ መንገድ።
«ግባና ፍሬኑን ርገጥልኝ።»
«እህ።»
ረገጠልኝ።

ዋናው ዳዶ እምቢ አለ።
ለቁልፉ ቧንቧ ቀጠልኩ፤ ቧንቧው ላይ ወጣሁኝ፤
ሰማንያ ኪሎዬን አንድ ሳላስቀር ጣልኩኝ፤
ጧ! አጥንት የተሰበረ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩኝ፤
ዞረ።

ከዚያ ክሪክ፤ ከክሪኩም ጎን የብረት ድጋፍ፤
ክሪክ ብቻ አምኖ የተኛ ሰው አውቃለሁ፤
ደረቱን ለወራት በእጄ አሽጌያለሁ።

ጎማው ሲወልቅ ጉዱ ታየ፤
ግራሶው በየብረቱ ተረጭቶ፣ ጠቁሮ፣ ረግቶ ቆየ፤
ላስቲኩ በእጥፋቱ ላይ ከንፈሩን ከፍቷል፤
ስንቴ ታጥፎ፣ ስንቴ ተዘርግቶ፣ በታጠፈበት ተሰንጥቋል።
ይህን ያህል ነው እንግዲህ፤ ጭብጥ የማይሞላ፣
የብረት አንጓ ካልሲ፤ ቅባት ከመያዝ በቀር ሥራ የለው ሌላ።

መዶሻ ሁለቴ፤ አንጓው ከዘንጉ ወለቀ።
አሮጌውን ግራሶ በጣቶቼ መሐል ሳሸው አሸዋ አለበት፤
ቁስልም እንዲህ ነው፣ ቆይቶ የታየ ለት።
ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ማለቱን አውቃለሁ፤
ግን ክረምቱን በሙሉ ሬዲዮዬን ጮክ አድርጌ ነድቻለሁ።

በነጭ ጋዝ አጠብኩት። ማክሰን አበራ።
አዲሱን ላስቲክ ሳሙና ቀብቼ ዘንጉን አለበስኩ፤
አንጓውን በጣቴ ግራሶ አጎረስኩ።
የቀረችው ቀለበት፣ ቀጭን፣ አንገቷ የተከፈተች፤
ፒንሳዬ ሲነካት፣ ፒንግ! ከዓለም ጠፋች።

ተንበረከክን፤ እናትና ልጅ፣ በእርጥቡ ሣር መሐል፣
እየዳበስን፣ እየተጋጨን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል።
ወይዘሮ ብሎድወን መጋረጃዋን ገልጣ
ጸሎት ላይ መሰልናት፤ ተመለሰች ደንግጣ።
ቀለበቷ ለካ ከሹራቤ ጫፍ
እንደ ጌጥ ተንጠልጥላለች!
ማክሰን አያት። ሳቀ።
መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሆዱ፤
የባትሪው ብርሃን አብሮት ተንቀጠቀጠ በግድግዳው፣ በሰማዩ፣ በመንገዱ።
«አንቺ ዘንጉን ያዢ» አለ፣ «እኔ ልግፋ።»
አምስት ቃል። ቆጠርኩ።
ገፋ፤ ቀለበቷ ቤቷ ገባች፤
ፋሼታውን ሁለታችን አጠበቅን።

ሲመሽ ወደ ጸሎት ቤቱ አደባባይ ወጣን፤ ሰው የለም።
መሪውን ወደ ግራ እስከ ጥጉ አዞርኩ፤
ማክሰን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ጆሮው ለዝናቡ ተሰጥቶ።
አንድ ዙር። ሁለት።
«አለች» አለኝ። «ግን ቀስ ብላ። ከሩቅ።»
አሸዋው ቀድሞናል፤ የበላውን በልቷል።
«ስንት ጊዜ ትቆያለች?»
አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው።
ሬዲዮውን ዘጋ።
«አንዴ ድገሚው» አለ፣
«አሁን ደግሞ በቀኝ።»